አንዲት ቢራ ከእራት ጋር

(ከስኳር በሽታ ጋር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ለክሊኒካችን ጎብኚ ባልና ሚስቶች ያደረጉት ንግግር)



«ይህን ሽማግሌ ደግሞ ከቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ምን አመጣው?» ብላችሁ በልባችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። እውነታችሁን ነው። እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን አሳድገን፣ ድረን ኩለን የጨረስን ሰዎች ነን። ነገር ግን ትዳር ከመውለጃ ዘመን ጋር አያልቅም። ዛሬ ልጆቻችሁን መጥናችሁ የምትወልዱት ነገ በጤና አብራችሁ ለማርጀትም ጭምር ነው። እኔ የመጣሁት ስለዚያኛው ዕድሜ ላወጋችሁ ነው፤ ይኸውም ስለ ጡረታ፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ቢራ።

ቢራ ስል ፈገግ ያላችሁ ወንዶች አላችሁ። ሚስቶቻችሁም ዞር ብለው ሲያዩዋችሁ ተመልክቻለሁ። እንግዲህ ንግግሩ ለሁለታችሁም ነው።

በፋርጣና በጋይንት ትምህርት ቤቶች ሳስተምር ኖሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚለወጠው ደመወዙ ብቻ ይመስለዋል። ከደመወዙ ይልቅ የሚለወጠው ውሎው ነው። ቀድሞ ዳገቱን ቁልቁለቱን በእግሬ እመላለስ፣ ቀኑንም ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ እውል ነበር። ከጡረታ በኋላ ግን ሥራዬ መቀመጥ ሆነ። ጧት ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ቡና፣ ረፋዱ ላይ የገብስ ቆሎ፣ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞች ጋር ሁለት ሦስት ቢራ። ዓመት ሳይሞላኝ ሌሊት ለሽንት ሦስት አራት ጊዜ መነሳት ጀመርሁ። ውሃ ጥሙም አላስቀምጥ አለኝ። «የጉና ብርድ ነው» እያልሁ አለፍሁት። ሱሪዬ ሲሰፋኝም «እርጅና ነው» አልሁ። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት ለእኔ ዓይነቱ ነው።

በመጨረሻ ባለቤቴ እጄን ይዛ ወደ ሐኪም ወሰደችኝ። ነርሷ «አባባ፣ በባዶ ሆድዎ ነው የመጡት?» ብላ ከጣቴ ጫፍ ጠብታ ደም ወሰደች። በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ይባላል። የእኔ ከ200 በላይ ነበር። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የሚባሉ ኪኒኖች ታዘዙልኝ። እኔም አፍሬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ቢራዬስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «ለጤናዬ ብሎ የሚጠጣ ሰው ይሳሳታል፤ ጨርሶ ቢተዉት ይሻላል። መተው ካልቻሉ ግን ቢራውን ከኪኒንዎና ከእራትዎ ጋር ማስታረቅ ይማሩ» አለኝ። የመጀመሪያውን ቃል ሳልሰማ የኋለኛውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። እሱንም ቢሆን በትክክል አልያዝሁትም።

በጥር ወር ገሳይ ላይ ሠርግ ተጠራን። እንደተለመደው የማታ ኪኒኔን ዋጥሁ። ምግቡ ዘገየ፤ ቢራው ግን ቀድሞ ደረሰ። በባዶ ሆዴ ሁለት ጠጣሁ። እህል ሲቀርብ ወሬ ይዞኝ ጥቂት ብቻ ቀመስሁና ወደ ማደሪያችን ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ሌሊት ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ምላሴ ይተሳሰር ጀመር። ባለቤቴ ስታናግረኝ የማይገናኝ ነገር እመልስ ነበር። የቢራው ሽታ ስለደረሳት «ጠጥተህ ነው፤ ተኛ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ብተኛ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ያተረፈኝ አንድ ነገር ነው። ብርድ ልብስ ልታለብሰኝ እጇን ግንባሬ ላይ ስታሳርፍ በላብ ርሶ አገኘችው። በጥር ሌሊት፣ በደጋ አገር፣ ሰው እንዲህ አያልበውም። ነርሷ የነገረቻትን አስታወሰችና ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ቀስ እያለች አጠጣችኝ። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ደገመችልኝ። ነፍሴ ስትመለስ እንጀራ በሽሮ አበላችኝና እስኪነጋ አጠገቤ ተቀምጣ አደረች።

እንግዲህ የዚያን ሌሊት ነገር ምን እንደነበር ላስረዳችሁ። ጉበት የሰውነታችን ጎተራ ናት ማለት ይቻላል። ሳንበላ ስንቀር ወይም ስንተኛ ካጠራቀመችው ስኳር እየቆነጠረች ለደማችን ትሰጣለች፤ አዲስም ትሠራለች። አልኮል ሲገባ ግን ጉበት እሱን ለማስወገድ ትጠመዳለች፤ ስኳር መሥራቱን ትተወዋለች። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን በወገኑ ስኳሩን ዝቅ ያደርጋል። ጎተራው ተዘግቶ ወጪው ሲቀጥል የደም ስኳር ከ70 በታች ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ሰው እየጠጣ ሳለ ብቻ አይደለም። ሰዓታት ቆይቶ፣ በእንቅልፍ ላይ ወይም በማግሥቱ ጧት ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው የስኳር መውረድ ስካር መምሰሉ ነው። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ይቀባጥራል፣ ይቆጣል። ስለዚህ እናንተ ሚስቶች፣ እናንተም ባሎች፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠጥ መጠጥ እየሸተተ ቢቀባጥር «ሰክሯል» ብላችሁ አትተዉት። የጣት መለኪያ ካላችሁ ለኩለት። ከሌላችሁም የነቃና መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ ስጡት። ስኳሩ ሳይወርድ ቢሰጠው የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው፤ ወርዶ ሳለ መከልከል ግን ይገድላል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እኔና ባለቤቴ ተቀምጠን ተነጋገርን። እሷ ጠርሙስ እየደበቀች ዘበኛ ላትሆንብኝ፣ እኔም ከጓሮ ተደብቄ ላልጠጣ ተስማማን። የቤታችን ደንብ ይህ ሆነ።

አንደኛ፣ ያለ እህል መጠጥ የለም። ቢራዬን የምጠጣው ከእራት ጋር ነው።

ሁለተኛ፣ አንዲት ጠርሙስ ትበቃለች፤ እሷም በየቀኑ አይደለችም። በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ፣ የአልኮሉ መጠን ከመቶ አምስት ሲሆን፣ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። በዚያ ላይ ቢራ ከገብስ ብቅል የተሠራ ስለሆነ እህልነቱ አይቀርም። ስለዚህ ቢራ በማገኝበት ማታ እንጀራዬን በጥቂቱ እቀንሳለሁ፤ ጨርሶ ግን አልተውም።

ሦስተኛ፣ ከመተኛቴ በፊት እለካለሁ። ዝቅ ካለ ጥቂት እበላለሁ።

አራተኛ፣ አረቄ አልነካም። ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን ከልክ በታች ማውረዱ እምብዛም ነው። ብዙ አልኮል ሲደረብበት ግን ደም ውስጥ አደገኛ አሲድ ሊያጠራቅም ይችላል።

አምስተኛ፣ የምጠጣበትን ቀን አንድ ሰው ሁልጊዜ ያውቃል። እሷም ባለቤቴ ናት።

ስለ ጠላና ስለ ኮረፌም ትጠይቁኛላችሁ። በእኛ አገር ሰንበቴና ማኅበር ያለ ጠላ አይታሰብም። የቤት ጠላ ጠርሙስ ላይ እንደተጻፈው ቢራ ልኩ አይታወቅም፤ ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ይዤ ቀስ እያልሁ እጠጣለሁ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ሲሉኝ ብርጭቆዬ ሙሉ መሆኑን አሳያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አምቦ ውሃ ነው። አልኮል የለውም እየተባለ የሚሸጠውን ጣፋጭ የብቅል መጠጥ ግን አትመኑት፤ አልኮሉ ባይኖርም ስኳሩ አለ።

ከቢራ ይልቅ የሚከብደው የቀን ውሎው ነው። ከአንድ ትሪ ስንበላ የበላሁትን መቁጠር አልችልም ነበር። አሁን ባለቤቴ ድርሻዬን በሳህን ለይታ ታቀርብልኛለች። ግማሹ ጎመንና ሌላ አትክልት፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ሽሮ፣ ምስር ወይም ሥጋ ነው። የእኛ ደጋ ድንች የሞላበት አገር ነው። ድንች ሲቀርብ እንደ እንጀራ እቆጥረዋለሁ እንጂ እንደ አትክልት አይደለም። ለቡሄ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ ሙልሙሉን እሰጣለሁ፤ እኔ ግን ቁራሽ ቀምሼ አቆማለሁ። በጾም ወራት ኪኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ያው የሠርጉን ሌሊት መድገም ነው። ስለዚህ ከሐኪሜና ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግሬ ለሕመምተኛ በሚፈቀደው መንገድ እጾማለሁ። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሬ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለደገኛ ሁሉ እናገራለሁ። ስኳር በሽታ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። ሲበርደን እግራችንን ወደ ከሰሉ ማስጠጋት ልማዳችን ነው። የደነዘዘ እግር እየተቃጠለ አይታወቀውም። እኔ አሁን የምሞቀው በካልሲ ነው። ማታ ማታ ባለቤቴ እግሬን በመብራት ታይልኛለች፤ እኔም የእሷን አያለሁ።

ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ይህ በሽታ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል ስኳር ያለባት እህት ብትኖር እርግዝናዋን አስቀድማ ታቅድ። የፅንሱ አካል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። በዚያ ጊዜ የደም ስኳር ከፍ ካለ ሕፃኑ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ስኳሩ እስኪስተካከል በመከላከያ መቆየት ትልቅ ጥበብ ነው። በእርግዝና ወቅት ደግሞ ቢራም፣ ጠላም፣ ጠጅም አይፈቀድም። የመከላከያ ምርጫም እንደ በሽታው ሁኔታ ይለያያል። ስኳሩ ኩላሊትን፣ ዓይንን ወይም የደም ሥርን ከጎዳ የተለመደው ባለ ሁለት ሆርሞን ኪኒንና በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ብዙውን ጊዜ አይመከሩም። ከሆርሞን ነፃ የሆነው ሉፕ ግን ይስማማል። ስለዚህ ስኳር እንዳለባችሁ ለነርሷ ሳትነግሩ ኪኒን አትውሰዱ።

ለባሎችም አንድ ቃል አለኝ፤ አትፈሩ። ስኳር የደም ሥርንና ነርቭን ስለሚጎዳ ስንፈተ ወሲብ ያመጣል። መጠጥ ሲበዛ ያባብሰዋል። ብዙ ወንድ ይህን ከመናገር ቢራ ቤት ተደብቆ ማምሸትን ይመርጣል። ሚስትም «ሌላ ወደደ» ብላ ትጠረጥራለች። በዚህ የተነሳ የፈረሰ ትዳር አውቃለሁ። ነገሩ ሐኪም የሚረዳው ሕመም ነው፤ ይህ ክሊኒክም እንዲህ ያለውን ገበና በምሥጢር የሚሰማ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። እኔም ቢራ ጠጡ ልላችሁ አልመጣሁም። የማትጠጡ አትጀምሩ። ጉበቱ የታመመ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ መኪና የሚነዳ አይቅመስ። የምትጠጡ ግን አትደባበቁ። የሠርጉን ሌሊት አስቡት። ሁለቱን ቢራ የጠጣሁት ባለቤቴ ሳታይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ምን እንደነካኝ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ያዳነችኝ ጠርሙሱን ስለከለከለችኝ አይደለም። ሕመሜን ስለምታውቅ፣ እጇም ግንባሬ ላይ ስላረፈ ነው።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር አድርጉ። እርስ በርሳችሁ «የምትወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? የምትወስጅውስ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ወላጆች ካሏችሁም ጠይቋቸው። ስኳርና የሻይ ማንኪያም ሌሊት በቀላሉ ከሚገኝ ቦታ አስቀምጡ።

ትዳራችሁን ይባርክላችሁ፤ አብራችሁ ለማርጀት ያብቃችሁ።