ብቻውን የሚመገበው እንግዳ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ባህል ብቻውን የሚበላ ሰው ስሙ በመልካም አይነሣም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ የለም። መሶቡ ክብ ሆኖ የተሰፋው፣ እንጀራውም ሰፍቶ የተጋገረው ብዙ እጅ እንዲዘረጋበት ነው። በማዕድ ላይ ያለ ሰው በደጁ ያለፈውን ሁሉ «እንብላ» ይላል፤ ጉርሻም ከመመገብ አልፎ የፍቅርና የአክብሮት መግለጫ ነው። በዚህ ባህል ያደገ አስተናጋጅ፣ አንድ ሰው ብቻውን መጥቶ ነጭ ጨርቅ ከለበሰ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ፣ ተከታታይ ምግቦችንም እያንዳንዳቸውን ከሚስማማቸው ወይን ጠጅ ጋር ሲያዝ ቢያይ፣ መጀመሪያ የሚሰማው ኀዘኔታ ወይም ጥርጣሬ ቢሆን አያስደንቅም። የዚህ ንግግር ዓላማም ያንን ስሜት ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ብቸኛው እንግዳ በምግብ ቤት ሙያ ውስጥ ያለውን እውነተኛ ቦታ ለማሳየት ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ሬስቶራንት የሚለው ቃል ራሱ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ ቀድሞ የቤት ስም አልነበረም፤ የደከመ ሰውነትን የሚጠግን፣ ኃይልን የሚመልስ የሥጋ መረቅ ስም ነበር። ይህን መረቅ የሚሸጡ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ተከፈቱ። ከዚያ በፊት በእንግዳ ማረፊያ የሚመገብ መንገደኛ «ታብል ዶት» በሚባለው የጋራ ገበታ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጦ የቀረበውን ይበላ ነበር። እጁ የፈጠነ መልካሙን ሙዳ ያነሣል፤ ዓይን አፋሩ የተረፈውን ይለቃቅማል። አዲሶቹ ቤቶች ግን ጤናውን ለሚጠብቅ ሰው የታሰቡ ስለ ነበሩ፣ እንግዳው በፈቀደው ሰዓት ይመጣል፤ በትንሽ ጠረጴዛ ለብቻው ይቀመጣል፤ ከዝርዝር መርጦ ያዛል፤ የሚከፍለውም ያዘዘውን ብቻ ነው። እንግዲህ ብቻውን የሚመገብ ሰው ለሬስቶራንት ድንገተኛ ደራሽ አይደለም። ቤቱ ገና ሲጀመር ለእርሱ ታስቦ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ ይህ ነፃነት ነቃፊ አላጣም። የሕግ ሰውና ዳኛ የነበረው ብሪያ-ሳቫረን እ.ኤ.አ. በ1825 መጨረሻ ለኅትመት ባበቃው፣ ስለ ጣዕም በጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ፣ የሬስቶራንትን ጥቅም ከዘረዘረ በኋላ ለብቻ መመገብ ራስ ወዳድነትን እንደሚያጠነክርና ሰው ስለ ጎረቤቱ ማሰብን እንዲዘነጋ እንደሚያደርግ አስጠንቅቋል። የፓሪሱ ዳኛና የኢትዮጵያ አባቶች ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር ተስማሙ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለቱም የሚኮንኑትን ለይቶ ማየት ይገባል። ተረቱ የሚያወግዘው ጎረቤቱ ተርቦ ሳለ በሩን ዘግቶ የሚበላውን ንፉግ ነው። በሥራ ጉዳይ ከአገሩ የራቀው መንገደኛ፣ የትዳር ጓደኛውን በሞት ያጣው አዛውንት፣ ሌሊቱን በሽተኛ ስትጠብቅ ያደረችው ሐኪም፣ ወይም ለአንድ ምሽት ጸጥታን የመረጠ ሰው ከንፉጉ ጋር አይቆጠሩም። ፕሉታርክ ስለ ሮማዊው ባለጸጋ ስለ ሉኩሉስ የጻፈው ታሪክም እዚህ ላይ ይታወሳል። ሉኩሉስ ብቻውን ራት በሚበላበት በአንድ ምሽት፣ አገልጋዩ እንግዳ የለም ብሎ ቀለል ያለ ገበታ አቀረበ። ጌታው ግን ተቆጥቶ፣ የዚያ ምሽት የሉኩሉስ እንግዳ ራሱ ሉኩሉስ መሆኑን ማወቅ እንደ ነበረበት ነገረው። ታሪኩ የሀብታምን ቅንጦት ቢያሳይም፣ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ትምህርት አለ፤ የእንግዳ ክብር በአጃቢዎቹ ብዛት አይመዘንም።

የብቸኛው እንግዳ ደስታ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሰው በፓሪስ ከሚገኝ መልካም ምግብ ቤት ብቻውን ቢገባ፣ በመጀመሪያ ኦይስተር የተባለው የባሕር ዛጎል ከሻብሊ ነጭ ወይን ጠጅ ጋር ይቀርብለት ይሆናል። የወይን ጠጁ ኮምጣጣነት ለዛጎሉ እንደ ሎሚ ሆኖ ያገለግለዋል፤ ጨውነቱም ወይን ጠጁን ያለዝበዋል። በዚህ ቦታ ቀይ ወይን ጠጅ ቢቀዳ ግን አፍ ውስጥ የከረመ ዓሣ ጣዕም ሊተው ይችላል። ምክንያቱም ምናልባት የልማድ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር፤ የጃፓን ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የዚህ ጣዕም መነሻ በወይን ጠጁ ውስጥ የሚገኘው የብረት ንጥረ ነገር መሆኑን አሳይተዋል።

ቀጥሎ ከምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከዡራ አውራጃ፣ በክሬምና በእንጉዳይ የተሠራ ዶሮ ከ«ቫን ዦን» ጋር ይመጣል። ይህ ቢጫ ወይን ጠጅ በበርሜል ውስጥ በእርሾ ስስ ሽፋን ሥር ከስድስት ዓመት በላይ ይቆያል፤ የለውዝ ዓይነት ሽታም ያወጣል፤ የሚታሸገውም 62 ሳንቲ ሊትር በሚይዝ ልዩ ጠርሙስ ነው። መጨረሻ ላይ ሮክፎር የተባለው የበግ ወተት አይብ ከጣፋጩ የሶተርን ወይን ጠጅ ጋር ይቀርባል። አይቡን አይብ ያሰኘው ሻጋታ ነው፤ የሶተርንንም ወይን ፍሬ በቅርንጫፉ ላይ ሳለ ውኃውን አስወጥቶ ጣፋጩን የሚያጠራቅመው ሌላ ሻጋታ ነው። ጨውና ስኳር ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያበርዳል።

ይህ ሁሉ በጓደኛሞች ገበታም ሊቀርብ ይችላል። ልዩነቱ በማስተዋል ላይ ነው። ጨዋታ በደራበት ማዕድ ሁለተኛው ጉንጭ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ለወዳጅ የሚሰጠው ጆሮ ከምላስ ይበደራል። ብቻውን የተቀመጠው ግን የቀዘቀዘው ነጭ ወይን ጠጅ በብርጭቆው ውስጥ ቀስ በቀስ ሲሞቅ ሽታው እንደሚከፈት፣ ከጉርሻ በፊትና በኋላ የተጎነጨው አንዱ ወይን ጠጅ ሁለት መስሎ እንደሚታይ ለመመልከት ጊዜ አለው። የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ለቀናት የደከመበት መረቅ ሙሉ ዳኛ የሚያገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ለሙያው ሰው ችግር የሚሆነው የመጠን ነገር ነው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይህም ለአንድ ሰው ይበዛል። ግማሽ ጠርሙስ 375 ሚሊ ሊትር ቢሆንም ምርጫው ጥቂት ነው። ስለዚህ የተሻለው መንገድ ለእያንዳንዱ ምግብ ጥቂት ጥቂት መቅዳት ነው። ለስድስት ምግብ 75 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ ቢቀርብ ድምሩ 450 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የተከፈተው ጠርሙስ በአየር እንዳይበላሽ የሚያግዙ መሣሪያዎችም ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ የቀረበው ኮራቪን ቡሹን ሳያወጣ በቀጭን መርፌ ወይን ጠጁን ይቀዳል፤ በቦታውም አርጎን የተባለውን ጋዝ ያስገባል። ሆኖም 450 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሰው ቀላል መጠን አይደለም። ብቻውን የመጣ እንግዳ የሚሸኘው ወዳጅ የለውምና፣ ውኃ ሳይጠየቅ ማቅረብ፣ መጠኑን መቀነስ ሲፈልግ ያለ ማንገራገር መቀበል፣ ታክሲም መጥራት የአሳላፊው ግዴታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዓይን ጉዳይ ነው። ብቸኛው እንግዳ በብዙ ቤቶች ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ወይም ከመጸዳጃው መተላለፊያ ይቀመጣል። «ሰው ይጠብቃሉ?» ተብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። በፊቱ ያለው ትርፍ ሳህንና ብርጭቆ ጎድሎ እንደ መጣ የሚመሰክርበት ይመስል እያንቃጨለ ይነሣል። በሴት ላይ ሲሆን ደግሞ በደሉ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1907 በኒውዮርክ ሃሪየት ስታንተን ብላችና ጓደኛዋ ወንድ አብሯቸው ባለመኖሩ ከአንድ ሆቴል የራት አገልግሎት ተከልክለዋል፤ ብላች ብትከስም አልተፈረደላትም። በለንደን ደግሞ ሴቶች በቡና ቤቱ ባንኮኒ ቆመው ወይን ጠጅ እንዳይቀዳላቸው የሚከለክለው የኤል ቪኖ ደንብ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የተወሰነው ገና እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። ሕጉ ቢለወጥም፣ ብቻዋን የተቀመጠችን ሴት ከእግር እስከ ራስ የሚለካ ዓይን ከየአዳራሹ ፈጽሞ አልጠፋም። ይህን የሚከለክለው የአስተናጋጁ ጨዋነት ነው።

ጉዳዩ አዲስ አበባን በቅርብ ይመለከታል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ከ1963 ጀምሮም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ በኋላም የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆኗ፣ ስብሰባው ሲያበቃ ብቻውን ራት የሚፈልግ መንገደኛ አታጣም። ወይን ጠጁም ቢሆን የግድ ከውጭ መምጣት የለበትም፤ በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ ከተተከለው ወይን የተጠመቁት የመጀመሪያ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀርበዋል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከኃይለኛ ወይን ጠጅ ጋር ሲቀርብ አልኮሉ ማቃጠሉን እንደሚያብሰው፣ ለስለስ ያለና ጥቂት ጣፋጭነት ያለው መጠጥ ግን እንደሚያበርደው ማወቅ ይበቃል። ከወጥ ጋር ጠጅን ያስማሙ እናቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር።

ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። መስኮት አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አንዱ ለብቸኛ እንግዳ ይታሰብለት። ትርፉ ሳህን ያለ ድምፅ ይነሣ። ምግቡ ተከታትሎ አይጣደፍበት፤ በመካከሉም አይረሳ። ወይን ጠጁ ሲቀዳ ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ ተመረጠ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይነገረው፤ ማውራት ከፈለገ ይመለስለት፤ ዝም ካለም ዝምታው ይከበርለት። በመሶቡ ዙሪያ ቤተኛው ለእንግዳው የሚያጎርሰውን ጉርሻ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚተካው በጊዜው የተቀዳ ብርጭቆ ነው። እንዲህ የተስተናገደ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ብቻውን በላ አይባልም፤ ያበሰለለትና የቀዳለት ሰው አብሮት አምሽቷልና።