በአየር ቧንቧ በኩል የሚገባው መርፌ

በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያበጠው ንፍፊት ካንሰር ነው፣ ቲቢ ወይስ ሳርኮይዶሲስ? ምስል ብቻውን አይመልሰውም፤ ናሙና ያስፈልጋል።

አርጀንቲናዊው ሐኪም ኤድዋርዶ ሺፓቲ እ.ኤ.አ. በ1949 ደረት ሳይከፈት፣ የአየር ቧንቧን ግድግዳ በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ እንደሚቻል አሳዩ። በኋላም በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዶክተር ኮ ፔን ዋንግ ዘዴውን ከተጣጣፊው ብሮንኮስኮፕ (የአየር ቧንቧን ውስጥ ከሚያሳየው ቱቦ) ጋር አዋሐዱት።

ዘዴውን ለሚማር ሐኪም ከባዱ የእጅ ሥራው ነው። መርፌው በብሮንኮስኮፑ ውስጥ ሲያልፍ ከሽፋኑ ከወጣ ውዱን መሣሪያ ይበሳል። ስለዚህ መርፌው የሚወጣው የሽፋኑ ጫፍ በዓይን ከታየ በኋላ ብቻ ነው፤ ከዚያም በልም አጥንት ቀለበቶች መካከል፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይወጋል።

ዛሬ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ብሮንኮስኮፕ ንፍፊቱንና አጠገቡ ያለውን የደም ሥር እያሳየ ያስወጋል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ልምምድ በታማሚ ላይ ሳይሆን በሞዴል ላይ መሆን አለበት።