ስለ ሠርግ ወጪና ስለ ጐተራ ልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዓለ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜም ሠርግ የሚበዛበት መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለ ጋብቻ ክብር በሌላ ቀን ተናግረናል፤ የዛሬው ንግግራችን ስለ ሠርግ ወጪ ነው። ካህን ስለ ገንዘብ ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ የዕዳው ልቅሶ በመጨረሻ የሚመጣው ወደ ንስሐ አባት ነውና ያገባናል።

በአሶሳ አጠገብ በጾሬ ከሚኖሩት ምእመናን አንዱ የልጁን የሠርግ ቀን ሊያስቈርጥ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው በ1977 ዓ.ም. ስለ ረኃቡ ከወሎ ተነሥተው በአሶሳ ከሰፈሩት ወገኖች አንዱ ነው፤ ሲመጣ የስምንት ዓመት ሕፃን ነበር። ወጪውን በደብተር ጽፎ ይዞአል። ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ሊሸጥ፥ ዐሥር ኩንታል ማሽላ ካለበት ጐተራ አራቱን ለጠላና ለሽያጭ ሊያወጣ፥ የጐደለውን በወለድ ሊበደር ቈርጦአል። የድንኳን፥ የቪዲዮና የመኪና ኪራይም ተጽፎአል።

«ወንድማችን፥ ይህን ሁሉ ማን አዘዘህ?» አልነው።

«መምሬ፥ እኔ በልጅነቴ እህል ተሰፍሮልኝ የበላሁ ሰው ነኝ። ዛሬ አንድ እንግዳ ከቤቴ ሳይጠግብ ቢወጣ፥ ያው ረኃብተኛው ነው ይሉኛል» አለን።

ስለ ከንቱ ውዳሴ ልንነግረው ያሰብነውን ተግሣጽ ያን ጊዜ ተውነው። ረኃብን ያየ ሰው ሲደግስ የሚደግሰው ለታይታ ብቻ አይደለም፤ የምስጋና መሥዋዕት አድርጎ ነው። ነገር ግን የሚያመሰግንበት ድግስ ወደ ሸሸው ረኃብ የሚመልሰው እንዳይሆን ፈራንለት።

«እስኪ ከእኛ ጋር ቍጠር» አልነው። ቤተ ሰቡ በወር አንድ ኩንታል ያህል ይመገባል። ዐሥሩ ኩንታል ከየካቲት እስከ ኅዳር፥ አዲሱ እህል እስኪደርስ ያደርሰዋል። አራቱ ከወጡ ግን የቀረው ስድስት የሚያልቀው ከሐምሌ ጋር ነው። ነሐሴ ሲገባ ሌላው ጾመ ፍልሰታን ሲጾም፥ የእርሱ ቤት የዕዳ ጾም ሊጾም ነው። በጥር ዋጋው ሲረክስ የሸጠውን ማሽላ፥ በክረምት በተወደደው ዋጋ መልሶ ሊገዛው ነው። በሬውንም ከሸጠ መቀናጆ መፈለግ አለበት፤ ዝናቡ ግን ሁለት ባለ አንድ በሬዎችን በየተራ አይጠብቅም። የጥር ጐተራ ሙሉ ስለሆነ ያታልላል፤ ሠርግ ያቈራቈዘው ቤት ብዙውን ጊዜ በጥር የተሳሳተ ቤት ነው።

ደግሞም ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን አይቀድምም፥ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። እጅግ በቀደመበት ዓመት ከቃና ዘገሊላ እስከ ጾሙ መግቢያ ያሉት ዐሥራ ዘጠኝ ቀናት ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ሦስቱ የነነዌ ጾም ናቸው። ሁሉ በዚያች ጠባብ ወራት ሲሽቀዳደም የበሬውም የበጉም የድንኳኑም ዋጋ ሽቅብ ይወጣል።

ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 2 የቃናን ሠርግ ሲጽፍ የድንጋይ ጋኖቹን ስድስት ብሎ ቈጠረልን፤ የሙሽራውን ስም ግን አልጻፈም፥ የሙሽሪትንም ልብስ አላነሣም። ጌታ ይሞላዋል ብለው ሳይቈጥሩ የሚደግሱም፥ አገልጋዮቹ ጋኖቹን አስቀድመው በውኃ እንደ ሞሉ ያስቡ። ሉቃስም በምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ጽፎልናል።

ቤተ ክርስቲያን ከሙሽሮች የምትሻው ንስሐና ቅዱስ ቍርባን ነው፤ ለደናግልም ሥርዓተ ተክሊል አላቸው። ድንኳን አልጠየቀችም። እኛ ካህናቱም ከበደል ነጻ አይደለንም፤ ከማዕዱ ራስ ተቀምጠን የሰፊውን ድግስ ጌታ አብዝተን እንመርቃለን፥ የጠባቡን ግን አሳጥረን እንነሣለን።

ከደብተሩ ብዙውን ሰረዝን። አንዱን ወጪ ግን፥ ዘመዶቹ ቀንሰው ያሉትን፥ እንዳይቀንስ ነገርነው፤ ይኸውም ለሙስሊም ጐረቤቶቹ፥ ለበርታዎቹም ከወሎ አብረውት ለመጡትም፥ በእነርሱ ሥርዓት የሚታረደው በግ ነው። በክፉ ቀን አብሮ የኖረ ጐረቤት በሠርግ ቀን ጦሙን አይዋል።

የከበደው ነገር ይህን ለአማቾቹ መናገር ነበር። እኛው ከሁለት ሽማግሎች ጋር ሄድን። የሙሽራው አባት በመጀመሪያ ፊቱን አጠቈረ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን «እኔም ብድር ልገባ ነበር፤ ቀድሜ ለመናገር አፍሬ ነው» አለን። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ዳስ ሊደግሱ ተስማሙ።

ሠርጉ ከትንሣኤ በኋላ ሆነ። ዳሱ በቅጠልና በሣር ተሠራ፥ ዕቃውን እድሩ አዋሰ፥ ከጐተራውም የወጣው አንድ ኩንታል ነው፤ የአንድ ወሩን ጕድለት በክረምት መጨረሻ እሸት በቆሎ ይሸፍንለታል። የአሶሳ ማንጎ የደረሰበት ጊዜ ነበርና ሕፃናቱ ከወጡ ይልቅ እርሱን ተሻሙበት።

በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ በዚያ መንገድ ስናልፍ፥ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ ሲያርስ አየነው። እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠን እንጂ ሞፈሩን አላቆመም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።