የሚያዳምጠው ላጣ ልጅ
ለማኅበሩ አባላትና ለየቲም አሳዳጊዎች የቀረበ ንግግር

 



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ስላሉት የቲሞቻችን ትምህርትና በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ስላሰብንላቸው ተግባራት ነው። ስለ ደብተር፣ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ጫማ በየዓመቱ ስንነጋገር ኖረናል፤ ለዋላችሁትም አላህ ምንዳችሁን ያብዛው። ዛሬ ግን በደብተሩ ውስጥ ስለ ተጻፈው እንነጋገር።

በቅዳሜው የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። ልጅቱ ደብተሯን ትዘረጋለች፤ የእጅ ጽሑፏ ያማረ ነው፤ ከሰሌዳው የተገለበጠው ሁሉ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ሰፍሯል፤ ከየገጹ ግርጌም የመምህሩ ቀይ ምልክት አለ። አያቷ ይህን ቀይ ምልክት አይተው «አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጄ ጎበዘች» ይላሉ። እኛ ከመስመሩ መካከል አንዲት ቃል በጣታችን አመልክተን «ይህ ምን ይላል?» ስንላት ግን ዝም ትላለች። ከመጀመሪያው ካስጀመርናት ትወጣዋለች፤ በቃሏ ይዛዋለችና። ያላየችውን ገጽ ስንሰጣት ግን ከመጀመሪያው ቃል አታልፍም።

ይህ የአንዲት ልጅ ችግር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በሁለተኛ ክፍል ጉድለቱ ሊሸሸግ ይችላል። በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ግን የሒሳቡ ጥያቄ በዐረፍተ ነገር ይመጣል፤ የአካባቢ ሳይንሱም ሙሉ ገጽ ጽሑፍ ይሆናል። ንባብ ያልያዘ ልጅ ከዚያ ወዲያ በሁሉም ትምህርት ይወድቃል፤ ሰዎችም «ሰነፍ ነው» ይሉታል። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ የሚያበቃው በ6ኛ ክፍል ስለሆነ የቀረው ጊዜ ረጅም አይደለም።

በየቲሙ ላይ ይህ የሚከብደው ማታ ከጎኑ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ስለሚያጣ ነው። አጎት ሱቁን ዘግቶ ሲገባ መሽቷል፤ አያት ደግሞ ፊደል አልቆጠሩም። (ወላጅ ያለው ልጅ ሁሉ አዳማጭ አለው ማለታችን አይደለም፤ ስንቱ አባት ቴሌቪዥን ፊት እንደሚያመሽ እናውቃለን።) እኛ በመድረሳ ስንቀራ በሉሕ ላይ የጻፍነውን ለሸኹ ሳናሰማ አጥበን ሌላ አንጽፍም ነበር። ወረፋው ሲበዛ ከፍ ያለው ደረሳ ታናሹን ያዳምጥ ነበር። በተጨናነቀው የዛሬ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ማዳመጥ አይችልም፤ ስለዚህ ይህን የቆየ ሥርዓት ወደ ቅዳሜው ትምህርታችን ልንመልሰው ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን እያንዳንዳቸው አንድ ታናሽ ይዘው ግማሽ ሰዓት ያዳምጣሉ።

ስለ ሒሳቡም አንድ ነገር እንጨምር። የአራተኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይ ይማራሉ፤ በሰሌዳ ላይ ብቻ ሲሆን ይሰለቻቸዋል። እኛ 24 ፍሬ ባቄላ አምጥተን ሚራስ አካፈልናቸው። ሟች ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቷል፤ ዕዳውና ኑዛዜው ተከፍሏል። የሚስት ድርሻ 1/8 ነውና 3 ፍሬ፣ የእናት 1/6 ነውና 4 ፍሬ ወጣ፤ ለልጁ 17 ቀረለት። እየተሻሙ ቆጠሩ። አንዱ ልጅ ግን ባቄላውን በእጁ እንደያዘ «በእኛ ቤትስ ማን ቆጠረው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አሳዳጊዎች ሆይ፣ ጥያቄው ለእኛም ለእናንተም ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ አሳዳጊዎች የቲሞችን እንዲፈትኑ፣ ብስለት ባዩባቸው ጊዜ ገንዘባቸውን እንዲያስረክቡ፣ ሲያስረክቡም እንዲያስመሰክሩ ታዘዋል። ሒሳብ የማያውቅ፣ ውል አንብቦ የማይረዳ ወጣት የሚረከበውን በምን ይለየዋል? ስለዚህ ልጁ «ስንት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት አትቁጠሩበት፤ የአባቱን ንብረት በጽሑፍ አስፍራችሁ አቆዩለት።

በመጪው መንፈቀ ዓመት ልጆቹ ከእናንተ ጋር ገበያ ወርደው የገዛችሁትን በኪሎና በብር መዝግበው ይመጣሉ፤ እባካችሁ «አታስቸግረኝ» አትበሉ። ሁለት ባቄላ ተክለው አንዱን በብርሃን፣ አንዱን በጨለማ እያኖሩ ቁመቱን በማስመሪያ ይለካሉ። ዓይናቸውም ይመረመራል፤ ከኋላ ወንበር ሰሌዳው የማይታየው ልጅ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ ሁሉም ሰው እንዲሁ የሚያይ ይመስለዋልና። ዓመቱ ሲዘጋ በነበረው ድራማ ምትክ እያንዳንዱ ልጅ ቀድሞ ያላየውን አንድ ገጽ ለአሳዳጊው ያነባል። ለዚያ ቀን የሚሆኑ የተረት መጻሕፍት ያስፈልጉናል፤ የዒድ ልብስ የሚገዛ ወንድም ከልብሱ ጋር አንድ መጽሐፍ ቢጨምርልን ደስ ይለናል።

ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም አይስጉ። ልጁን «አንብብልኝ» ብለው ተቀምጠው ይስሙት፤ ሲጨርስ «ታዲያ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። ታሪኩን መልሶ መናገር ካቃተው ቅዳሜ ጠዋት ይንገሩን። የማዳመጫው ሰዓት ከዙህር ሶላት በኋላ ነው፤ በረመዷን ወደ ጠዋት ይዛወራል። ከናንተ መካከል ግማሽ ሰዓት ያለው ቢመጣ ታናሽ እንሰጠዋለን፤ መነጽር የሚጠቀም መነጽሩን አይርሳ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።