ስለ መንገዳችን፣ ስለ ሐዲዱና ስለ መሻገሪያው
(በመንደር ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ጧትና ማታ ስለምንረግጠው፣ ከመገናኛ ተነሥቶ አያት ስለሚደርሰው መንገዳችን ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሞቹ ጥቂት እንበል፤ ልጆቻችን ይጠይቁናልና። ጉርድ ሾላ ማለት የተቆረጠ ሾላ ማለት ነው። ሲኤምሲ ደግሞ እዚያ ሰፍሮ የነበረ የኢጣልያ የሥራ ተቋራጭ ስም ምሕጻር ነው፤ ሲተረጐም የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር እንደ ማለት ነው። ድርጅቱ ሄደ፣ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። ከመገናኛ ወደ ዑራኤል የሚወርደውን የኃይሌ ገብረ ሥላሴን መንገድ እስከ ዛሬ «አሥመራ መንገድ» የምትሉ አባቶች አላችሁ፤ አልተሳሳታችሁም፣ የቀድሞ ስሙ ነው።

ወደ ባቡሩ እንለፍ። ሥራው በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የእኛ መስመር በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሰው መጫን ጀመረ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 22 ጣቢያዎች አሉት። ታክሲ ስንጋፋ ለኖርነው ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ባቡሮች መቆማቸውንና ጣቢያ ላይ ስንት ሰዓት እንደ ቆምን ግን አንረሳውም።

ዋናው ነገር አጥሩ ነው። ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ሁሉ መንደራችንን ለሁለት ከፍሎታል። ዕድሩ አንድ፣ ለቅሶው አንድ፣ አጥሩ ግን መካከል ላይ ቆሟል።

ባለፈው ክረምት ከማዶ ለቅሶ ነበር። አንዲት እናታችን እዝን ተሸክመው ሲሄዱ ጣቢያው ራቀባቸው። አንድ ጐረምሳ፣ ክፋት አስቦ አይደለም፣ «እማማ፣ ይምጡ በዚህ ላሻግርዎ» ብሎ በአጥሩ ቀዳዳ አስገባቸው። ባቡሩ እኮ እንደ አውቶቡስ አያጓራም! ደረሰባቸው። እዝኑ ሐዲዱ ላይ ተደፋ፣ ነጠላቸው ቀረ፣ እሳቸው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ። እስከ ዛሬ ጥሩንባው ሲሰማ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

ወገኖቻችን፣ የመኪና ሾፌር መሪ ጠምዝዞ ያድን ይሆናል፤ የባቡር ነጂ ግን የሚጠመዝዘው መሪ የለውም። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ቶሎ አይቆምም፤ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የተሠራ ነው። ከላይ ያለው ሽቦም 750 ቮልት ተሸክሟል። ልጆች የብረት ዘንግ ይዘው በአጠገቡ ሲጫወቱ ያየ ሰው ዝም ብሎ አይለፍ። የማን ልጅ ነው ብላችሁም አትጠይቁ፣ ተቈጡ!

ተጨማሪ መሻገሪያ እንዲከፈትልን ማመልከቻ አስገብተናል፤ መልሱ ገና ነው። እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ከእንግዲህ የለቅሶ ማስታወቂያ ሲጻፍ የቅርቡ ጣቢያ ስምና ቤቱ በኮተቤ በኩል ይሁን በሰሚት በኩል ይጨመርበታል። «ከእገሌ ሱቅ አጠገብ» ማለት ይቅር፤ የኮሪደር ልማት በከተማችን ከተጀመረ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ ያለ ሱቅ ነገ ላይኖር እንደሚችል አይተናል። እንግዳ ሱቁን ሲያጣ አይደል በአጥሩ የሚሾልከው?

ሁለተኛ፣ የቀብርና የድንኳን ቀን አራት ወጣቶች፣ ሁለቱ ወዲህ፣ ሁለቱ ወዲያ ማዶ፣ በጣቢያው መሻገሪያ ቆመው አረጋውያንን ያሻግራሉ፤ የእናቶችንም ዕቃ ይቀበላሉ። እስካሁን የተመዘገቡት ሰባት ብቻ ናቸው፤ ለተራ አይበቁም። ያ ጐረምሳ መጀመሪያ ስሙን ካስመዘገቡት አንዱ ነው። የቀራችሁ በመጪው እሑድ ከጧቱ በ3 ሰዓት ዕድር ቤት እንጠብቃችኋለን።