መኪና በሌለበት የበዓል ቀን ለቅሶ መድረስ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተነገረ)



 በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን የተለዩትን ነፍስ ይማር፤ ላዘኑትም መጽናናቱን ይስጥልን።

ያለፈው ጠቅላላ ስብሰባ በበዓል ቀን ስለሚደርስ ለቅሶ አጥንተን እንድናቀርብ አምስት ሰዎች መርጦን ነበር። ዛሬ የምንናገረው ያገኘነውን ነው። ጥናት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በእግራችን ዞረን ያየነው፣ ከሹፌሮችና ከረዳቶች ጋር ተቀምጠን የጠየቅነው፣ ከእናንተም ከአባላቱ የሰማነው ነው።

እንደሚታወቀው ሞት ቀን አይመርጥም። የዕድራችን ደንብ ግን ሲጻፍ ቀን ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ ተቆጥሮ የተጻፈ ነው። ጥሩምባ ሲነፋ አባል ሁሉ ይወጣል፤ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ መቀጮ ይከፍላል። በአዘቦት ቀን ይህ ደንብ ደግ ነው፣ እስካሁንም አቆይቶናል። በበዓል ቀን ግን ልቡ ሄዶ እግሩ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። የዛሬው ነገራችን በሙሉ ስለዚህ ሰው ነው።

በመጀመሪያ መኪና በበዓል ቀን ለምን እንደሚጠፋ እንመልከት። ብዙዎቻችን «ሹፌሮቹ ጠገቡ» እንልና እናልፈዋለን። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የሚኒባስ ሹፌር በአብዛኛው የወር ደመወዝተኛ አይደለም። ለባለ መኪናው የቀን ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ይሞላል፤ ከዚያ የተረፈው የእርሱና የረዳቱ ነው። በዋዜማው ገበያተኛው ስለሚበዛ እስከ ምሽት ሲመላለስ ይውላል። በበዓሉ ጠዋት ግን ሰው ከቤቱ አይወጣም። መኪናው እስኪሞላ ተራ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ የነዳጁንም አያገኝ። ስለዚህ እርሱም እንደማንኛችን ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋር ይውላል። ከሰዓት በኋላ ሰው ዘመድ ጥየቃ ሲወጣ ፈላጊው ብዙ፣ መኪናው ጥቂት ይሆናል። ከታሪፍ በላይ የሚጠየቀው፣ መስመሩም የሚቆራረጠው ያን ጊዜ ነው። ሲመሽ ደግሞ ጭራሹን የለም። በስልክ የሚጠራውም ታክሲ በዚያ ሰዓት እንደ ልብ አይገኝም።

በመስቀል ሌላ ምክንያት ይጨመራል። የጉራጌም የጋሞም ተወላጅ መስቀልን አገሩ ገብቶ ከወላጆቹ ጋር መዋል ይወዳል። ሠፈራችን ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ሸማ ሠሪዎች ሠፈር እንደመሆኑ፣ በዚያ ሰሞን የሸማው ዕቃ ዝም ይላል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ጎዳናው ጭር ይላል። ድንኳን ለመትከል እንኳ ጉልበት ያለው ጎልማሳ የሚጠፋበት ወቅት ነው።

ከዚህም ሌላ የመንገድ መዘጋት አለ። መስከረም 16 ቀን ደመራ በመስቀል አደባባይ ሲከበር ወደ አደባባዩ የሚያስገቡት መንገዶች ሁሉ ይዘጋሉ። ከተማው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚገናኘው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ እዚያ ሲዘጋ እኛ ላይኛው ጫፍ ያለነው ከታችኛው ከተማ ተቆረጥን ማለት ነው። በዒድ ጠዋት ሕዝበ ሙስሊሙ በስታዲየም ለሶላት ሲሰበሰብ በአካባቢው ያሉት መንገዶች እንዲሁ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋሉ። የዒድ አልፈጥር ቀን ደግሞ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን በርግጥ የሚታወቀው በዋዜማው ማታ ነው። ስለሆነም ለዒድ የሚደረግ ዝግጅት ለሁለት ቀን መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚብስብን ግን ጥምቀት ነው። ጃን ሜዳ ከስድስት ኪሎ አጠገብ፣ ከሠፈራችን መውጫ ላይ ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ቀን ይመለሳሉ፤ የሚካኤል ታቦት ደግሞ አድሮ ጥር 12 ቀን በቃና ዘገሊላ ዕለት ይገባል። ለሌላው ሠፈር ጥምቀት የአንድ ቀን ጉዳይ ሲሆን ለእኛ ሦስት ቀን ሙሉ ነው።

ባቡሩስ የሚል ይኖራል። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መስመሩ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ፣ ከአያትም ወደ ጦር ኃይሎች ተዘረጋ እንጂ ወደ ስድስት ኪሎ አልወጣም። እኛ ያለን ያው አውቶቡሱ፣ ታክሲውና እግራችን ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥምቀት ማታ ከመካከላችን አንዲት እናት ማረፋቸውን ታስታውሳላችሁ። ቀብራቸው በማግስቱ ጥር 12 ቀን በደብረ ዘይት መንገድ በሚገኘው በቅዱስ ዮሴፍ ሆነ። የተከራየነው አውቶቡስ በተዘጋው መንገድ ምክንያት ወደ ላይ መውጣት አልቻለም፤ ሹፌሩም ጥቂት ጠብቆ ተመለሰ። አስከሬኑና ቤተሰቡ በአንድ ፒካፕና በሁለት የቤት መኪና በዙሪያ መንገድ ሄዱ። ከእኛ መካከል እግር ያለው በሕዝቡ መሐል ሰንጥቆ ወርዶ፣ ከአራት ኪሎ በታች ታክሲ ለምኖ ደረሰ። ከዕድራችን ቀብሩ ላይ የቆመው ሰው ከሃያ አይበልጥም ነበር። ስም ሲጠራ ሌላው ሁሉ «ቀሪ» ተባለ።

ከቀሪዎቹ መካከል ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት እናት ነበሩ። እኚህ እናት ሌሊቱን ከሟቿ ልጆች ጋር ሲያለቅሱ አድረው፣ ጠዋት እንጀራ ጋግረው፣ ከቀብር ለሚመለሰው ውኃና ንፍሮ አዘጋጅተው የጠበቁ ናቸው። ደንቡ ግን ለዚህ መዝገብ ስለሌለው ተቀጡ። ሳያጉረመርሙም ከፈሉ። ኋላ ስንጠይቃቸው ግን «ገንዘቡስ ይሁን ልጆቼ፤ እኔን የቆረጠኝ ቀረች ተብሎ ስሜ መጠራቱ ነው» አሉን። ይህን ቃል ሰምተን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ዕድር የተቋቋመው ሰውን ለማጽናናት ከሆነ፣ ያጽናናን ሰው ቀሪ ብሎ መጻፍ ከዓላማው ጋር ይጋጫል።

ስለዚህም የሚከተሉትን ስድስት ነገሮች ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ፖሊስ ከታላላቅ በዓላት በፊት የሚዘጉትንና ተለዋጭ የሆኑትን መንገዶች በራዲዮና በቴሌቪዥን ያስታውቃል። ጸሐፊያችን ይህን ሰምቶ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት በዕድሩ ቤት ሰሌዳ ላይ ይጻፍልን። ቀብሩ በጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ከሆነ ስድስት ኪሎ ሳይወርዱ በቀጨኔ በኩል ወደ ምዕራብ ማቋረጥ ይቻላል። ወደ ዮሴፍ ከሆነ ግን መላ ከተማውን ማለፍ ግድ ነው። ይህን ልዩነት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አይደናገጥም።

ሁለተኛ፤ ለቀብር የሚከራየው አውቶቡስ በበዓል ሰሞን ወደ ሠፈር ይምጣ አይባል። መንገዱ ከተዘጋበት በታች የታወቀ ቦታ ተወስኖ እዚያ ይጠብቀን፤ እስከዚያ በእግር እንወርዳለን። ውሉም በቃል ብቻ አይሁን፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀብድ ይያዝ፤ ከአንድ ባለ መኪና ሳይሆን ከሁለት ጋር ይነጋገሩ።

ሦስተኛ፤ መኪና ያላቸው አባላት በፈቃዳቸው ተመዝግበው በበዓል ቀን ተራ ይግቡ። ተረኛው ነዳጁን ከዋዜማው በፊት ይሙላ፤ ለዕድር ሥራ የወጣውንም ገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ይተካለት። በግልጽ እንነጋገርና፣ ተረኛ የሆነ ሰው በዚያ ቀን ጠላውንም ጠጁንም አረቄውንም አይቅመስ። ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ሌላ ለቅሶ ይዘን እንዳንመለስ ነው።

አራተኛ፤ መኪና ከመፈለግ በፊት የቀብሩ ሰዓት ይጠየቅ። በጥምቀት ካህናቱ ከታቦቱ ጋር ናቸው። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ ፍትሐቱ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረሳል። ስለዚህ ሥርዓቱ አጭር ነው፤ ዘግይቶ የወጣ ሰው አፈር ከተመለሰ በኋላ ይደርሳል። የሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ቀብር ደግሞ ቶሎ የሚፈጸም እንጂ የሚቆይ ስላልሆነ፣ የመጀመሪያው ተረኛ መኪና ወዲያው ለእነርሱ ይሰጥ።

አምስተኛ፤ በእግር መሄድን አንናቀው። አንድ ጤነኛ ሰው በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከእኛ ሠፈር ወደ ታች መውረዱ ቀላል ነው፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ሌላ ነገር ነው። ጎልማሶቹ ሰብሰብ ብለው ይሂዱ፤ አንድ ሰው ብቻውን አይቅር። በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም እንዲሁ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር፣ አረጋውያንን መሐል አድርጎ መምጣት ነው። የታመመ ወይም ምጥ የያዛት ሲኖር ግን በእግርም በለመናም አይሞከርም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። እነዚህ ቁጥሮች በየቤታችን በር ጀርባ ይጻፉ።

ስድስተኛውና ዋናው፤ በበዓል ቀን ሁለት መዝገብ ይኑር። አንዱ የቀብር መዝገብ፣ ሁለተኛው የለቅሶ ቤት መዝገብ ይባል። ዕድሜው የገፋ፣ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠባ ልጅ ያላት፣ እንዲሁም መኪና አጥቶ መሄድ ያልቻለ አባል ለቅሶ ቤት ተገኝቶ ቢያገለግል እንደ ተገኘ ይቆጠር። ድንኳን የተከለ፣ ውኃ የቀዳ፣ ከኀዘንተኛ ጋር የተቀመጠ ሁሉ ስሙ በዚህ መዝገብ ይግባ። በበዓል ቀን ሥራ ገቢ የሆነች ነርስ፣ ወይም ዘበኛ፣ ወይም ዳቦ ጋጋሪም በሠልስቱ መጥተው ቢያገለግሉ ይያዝላቸው።

በዚህ በስድስተኛው ላይ ተቃውሞ ሰምተናል፤ ልንደብቀው አንፈልግም። አንዳንድ አባቶች «ዕድር ማለት ጉድጓድ አፋፍ መቆም ነው። ዛሬ በበዓል ብትፈቱት፣ ነገ በዝናብ፣ ከነገ ወዲያ በሥራ ብዛት ይፈታል፤ መጨረሻው ሬሳ ብቻውን የሚሄድበት ይሆናል» ይላሉ። ይህ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ወላጆቻችን ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ዕድርን ያቋቋሙት ወገን የሌለው ሰው ብቻውን እንዳይቀበር ብለው ነው። ስለዚህ እኛም ሸክሙ ይቅር አላልንም። ሸክሙ ይከፋፈል ነው ያልነው። ለዚህም ሁለት ገደብ አብረን አቅርበናል። ሁለተኛው መዝገብ በሕዝብ በዓል ቀንና መንገድ በተዘጋበት ቀን ብቻ ይሠራል። ደግሞም ከማናቸውም ቀብር ቢያንስ ሠላሳ አባላት እንዲገኙ ዳኛው ከመንገደኞቹ መካከል ስም ጠርቶ ያዝዛል፤ የታዘዘው ቢቀር መቀጮው እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሬሳውም ብቻውን አይሄድም፤ ሽማግሌውም ያለ አቅሙ አይቀጣም።

ነገሩን ስናስበው ለኀዘንተኛው ከባዱ ሰዓት ቀብሩ ብቻ አይደለም። በበዓል ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ቡና አፍልቶ፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ ሲስቅ፣ የእርሱ ቤት ብቻ ጨልሞ ሲውል ነው። ዘመድ ከሩቅ ሠፈር መኪና አጥቶ ሊቀር ይችላል። ዕድርተኛ ግን አጥር ለአጥር ነው፤ ለመምጣት ታክሲ አያስፈልገውም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለዚህ ይመስለናል። በዚያ ቀን በዓሉን አቋርጦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከኀዘንተኛው ጎን የተቀመጠ ሰው የዕድሩን ሥራ ሠርቷል እንላለን።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ማቅረብ ነበር፤ አቅርበናል። አንደኛው እስከ አምስተኛው የኮሚቴው ሥራ ስለሆኑ ዛሬ ብትፈቅዱ ነገ ይጀመራሉ። ስድስተኛው ግን ደንብ የሚያሻሽል ስለሆነ የእናንተን ድምፅ ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹም ሴቶቹም ወጣቶቹም በግልጽ ተነጋገሩበት፤ የማይስማማ ካለም ምክንያቱን ይንገረን፤ ከዚያ በእጅ ብልጫ ይወሰን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሳኔው መጪው በዓል ሳይደርስ ይሰጥ።

 ክፉውን ያርቅልን።