የምን ግማሽ?

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ሲሉኝ ስለ አዲስ ሕክምና የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ስለ ክፍልፋይና ስለ አስርዮሽ። አትሳቁ፣ ምክንያት አለኝ።

ኢንተርን በነበርኩበት ዓመት፣ አንድ ሌሊት፣ ክብደቱ 5 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ሞርፊን አዘዝኩ። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም፣ በድምሩ 0.5። እኔ ግን ዜሮዋን ትቼ «.5» ብዬ ጻፍኩ። ነጥቧ ከወረቀቱ መስመር ጋር ተደርባ ጠፋች። ተረኛዋ ነርስ ካርዱን ይዛ መጣችና «ዶክተር፣ ይሄ አምስት ነው እንዴ?» አለችኝ። አስር እጥፍ ማለት ነው። ሕፃኑ ምንም አልሆነም፤ እሱን ያተረፈው ግን የእሷ ጥያቄ እንጂ የእኔ እውቀት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ከነጥብ በፊት ዜሮ ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም። 5 ለማለትም 5.0 አልጽፍም፤ ነጥቧ ከጠፋች 50 ይሆናላ! ሕጉን ያዝኩ። ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያስተማሩኝም ልጆች ናቸው።

ሰፈራችን ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ማስጠናት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ 0.5 እና 0.25 ጻፍኩና «የቱ ይበልጣል?» አልኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «0.25!» አለ። 25 ከ5 ይበልጣል አይደል? 1/8 እና 1/4 ጻፍኩ፤ አሁንም 8 አሸነፈ። እኔም «ዜሮ ጨምራችሁ አስተካክሉ፤ 0.50 እና 0.25 በሉ» ብዬ ዘዴውን ሰጠኋቸው። ሁሉም አገኙት፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሳምንቱ 0.5 እና 0.5 ደምሩ ስል ብዙዎቹ 0.10 ብለው ጻፉ።

የክፍሉ መምህርት ከኋላ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ልጆቹ ሲወጡ «ዶክተር፣ ዘዴውን ይዘዋል፤ መጠኑን ግን አላዩትም። እስቲ ከሚያውቁት ይነሱ» አሉኝ።

የሚያውቁት ምንድን ነው? ሱቅ። ሩብ ኪሎ ቡና ግዛ ተብሎ ተልኮ የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ሩብ ኪሎ ከግማሽ ኪሎ እንደሚያንስ አንዳቸውም አይሳሳቱም። የባለሱቁ ሚዛን ላይ የሚታየው 0.250 ያው ሩብ መሆኑን ስነግራቸው አንዷ ልጅ «ታዲያ ለምን በሁለት ስም ይጠሩታል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። አስርዮሽ እኮ ታህቱ 10፣ 100፣ 1000 እያለ የሚሄድ፣ ታህቱ ግን የማይጻፍ ክፍልፋይ ነው። ታህቱን የሚነግረን አሃዙ የተቀመጠበት ቤት ነው። ልጆቹ የዘለሉት ያንን የማይታየውን ታህት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያልተነኩ፣ መርፌ የሌላቸው የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች ይዤ ሄድኩ። አስር ትልልቅ ክፍል፣ እያንዳንዱ ውስጥ አስር ትንንሽ፤ በጠቅላላው 100። ቀለም ያለው ውሃ በአንዱ እስከ 0.25፣ በሌላው እስከ 0.5 ስስብ አንድ ልጅ ተነስቶ «ቲቸር፣ 0.25 እኮ ግማሹ ጋ እንኳ አልደረሰም!» አለ። በ0.5 ላይ ሌላ 0.5 ስንጨምር ደግሞ ሲሪንጁ ሞላ። 0.10 የቱ ጋ እንደሆነ ራሳቸው አሳዩኝና በራሳቸው ሳቁ።

በመጨረሻ አንድ ድፎ ዳቦና አንድ ትንሽ ዳቦ ይዤ ገባሁ። «ግማሽና ሩብ፣ የቱን ትመርጣላችሁ?» ስል ያቺው ልጅ «የምን ግማሽ? የትኛው ዳቦ?» አለችኝ። ያቺ ተረኛ ነርስ ትዝ አለችኝ።

የእኛም ሙያ ጥያቄ ይኸው ነው። 0.1 ሚሊ ግራም የምን? በኪሎ? በአንድ ጊዜ? በቀን? የአድሬናሊን ብልቃጥ ላይ 1፡1000 እና 1፡10,000 ተጽፎ ስናይ ትልቁን ቁጥር የያዘው ደካማው መሆኑን በእንቅልፍ ልባችንም ቢሆን ማወቅ አለብን። ያው የ1/8 እና የ1/4 ነገር ነው።

መምህራኖቻችን፣ እዚህ ግቢ የሚደርሱ ተማሪዎች ጥሩ ውጤት አምጥተው ነው የሚመጡት። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የመድኃኒት መጠን ከማስላታቸው በፊት «በግምት ስንት ይሆናል? የምን?» በሏቸው። ጓደኞቼ፣ እናንተ ደግሞ የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት በር አንኳኩ። ዘዴ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ከመምህራኑ አጠገብ ተቀምጣችሁ መጀመሪያ ልጆቹን ስሙ።

ምናልባት ያቺ ልጅ አንድ ቀን ነርስ ትሆንና አንድ የደከመው ኢንተርን የጻፈውን ይዛ «ዶክተር፣ ይሄ የምን ነው?» ትል ይሆናል። ያን ቀን ያ ኢንተርን ሳይቆጣ ይመልስላት።